የአለቃ ፈንታ ሁለተኛ ዓይን

ቤቴ የመጣ እንግዳ ሁሉ ሳሎኑ ውስጥ የተሰቀለውን ሥዕል አይቶ አንድ ነገር ሳይጠይቀኝ አይወጣም። «ይኸ ነገር ሳያልቅ ነው እንዴ የሰቀልኸው?» ይለኛል። ሥዕሉ ጥምጥም ያደረጉ ሽማግሌ ናቸው፤ ፊት ለፊት ይመለከታሉ። ጢማቸው፣ የግንባራቸው እጥፋት፣ አንደኛው ዓይናቸው ጥርት ብሎ ይታያል። ሌላው ዓይን መሆን በሚገባው ቦታ ግን ጥቁር ቀለም ብቻ ነው ያለው። ለአብዛኛው ሰው «አሠራሩ ነው» ብዬ አልፈዋለሁ። ባለቤቴ እንኳ ሙሉውን የሰማችው ከተጋባን ከስንት ዓመት በኋላ ነው። ዛሬ ለእናንተ ልንገራችሁ። ዕድሜዬም እየሄደ ነው፤ ነገሩ ከእኔ ጋር እንዲቀበር አልፈልግም።

በጃንሆይ ዘመን ማብቂያ ገደማ ደብረ ማርቆስ ውስጥ የሥዕል አስተማሪ ነበርሁ። አስተማሪ ማለቴ ለስሙ ነው። ሌላ መምህር በቀረ ቁጥር ዳይሬክተሩ የእኔን ክፍለ ጊዜ ለሒሳብ ይሰጡታል፤ ተማሪዎቹም ሥዕልን ከእረፍት ለይተው አያዩትም ነበር። ወላጆቼ አማኑኤል ከተማ ናቸው። አባቴ እዚያ ትንሽ ሱቅ ነበረው። ኮስታራ ሰው ነው፤ ሲያናግረኝ መሬት መሬቱን እያየሁ ነው ያደግሁት። የአባቴን ጫማ ከፊቱ ይልቅ አውቀው ነበር ብል ማጋነን አይሆንም። ያኔ ይህ ነውር ሳይሆን ጨዋነት ነው።

አዲስ አበባ ሥዕል ያስተማሩኝ ፕሮፌሰር ጥሩነህ ይባላሉ። እኛ «ጋሼ» ነበር የምንላቸው። ዋና ሥራቸው በእንጨት ላይ ቀርጾ ማተም ነው። ለማያውቅ ላስረዳ፦ ሳንቃው ላይ ነጭ ሆኖ እንዲወጣ የሚፈለገውን በመሮ ይፈለፍሉታል፤ ያልተነካው እንጨት ቀለም ይቀበላል፤ ወረቀት ተደርጎበት ከጀርባ ሲታሽ ሥዕሉ ይወጣል። ከአንድ ሳንቃ የፈለጉትን ያህል ቅጂ ማተም ይቻላል። ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ ወደ ኋላ ታስፈልገናለች።

ጋሼ ውጭ አገር ተምረው የመጡ፣ ስማቸው የተጠራ ሰው ነበሩ። ግን የኮታቸው እጅጌ ሁልጊዜ በቀለም የጠቆረ፣ ኪሳቸው የእንጨት ፍቅፋቂ የማይጠፋው ነው። አዲስ ሳንቃ ሲይዙ መጀመሪያ ያሸቱታል። የተማሪን ሥራ «መጥፎ ነው» ብለው አያውቁም፤ ገልብጠው ያቆሙትና «እስቲ አሁን አንተው እየው» ብለው ይሄዳሉ። ምሳውን ያልበላ ተማሪ በአረማመዱ ያውቁ ነበር። ጠርተው «ናማ፣ ይችን ሳንቃ ያዝልኝ» ይሉና ሻይ ቤት ይዘውት ይገባሉ። እኔ ስንቴ ሳንቃ ይዤላቸዋለሁ መሰላችሁ።

ከትምህርታቸው ሁለት ነገር ልንገራችሁ። አንደኛው፣ «የአንድ ሰው ሁለቱ ዓይኖች አንድ ዓይነት አይደሉም፤ አንዱን አይታችሁ ሌላውን እንዳትገለብጡ» የሚሉት ነው። በየሳምንቱ ይሉታል። ሁለተኛው ስለ ጥንቱ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ነው። ጻድቅ ሲሣል ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይኑ ነው። ይሁዳና ሰይጣን፣ ኃጥኡ ሁሉ ግን ከጎን ይሣላል፤ አንድ ዓይን ብቻ ነው የሚሰጠው። ይህን ጥቁር ሰሌዳው ላይ በጠመኔ ሥለው አሳይተውናል፤ እኛም ፈተና ላይ ጽፈነዋል።

ከሥራዎቻቸው ሁሉ የታወቀው «አባቴ» የሚባለው ነው። ጥምጥም ያደረጉ ሽማግሌ ከጎን ይታያሉ። ከግንባር እስከ ጢም ጫፍ የወረደችው መስመር አንድ ጊዜ ብቻ የተሳበች ነው የምትመስለው። ውጭ አገር ድረስ ሄዶ ተመስግኗል፤ የወደደው ሁሉ ቅጂውን ወስዷል። እኔ ያን ሥዕል በሥራ ክፍላቸው ስንት ጊዜ ቆሜ አይቼዋለሁ። ያ የጠመኔ ትምህርትና ይህ ሥዕል አንድ ቀን እንኳ አእምሮዬ ውስጥ ተገናኝተው አያውቁም። በጋሼም አእምሮ እንደዚያው።

ወሩ ነሐሴ፣ ጾሙ ፍልሰታ ነበር። ደብረ ማርቆስ በዝናብ ርሳ፣ ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት ይውጣል። አንድ ማለዳ በሬ ተንኳኳና ስከፍት ጋሼ ቆመዋል። ካፖርታቸው ውኃ ያንጠባጥባል፤ በብብታቸው የመሮ ከረጢታቸውን ይዘዋል።

«ስንታየሁ፣ በቅሎ መከራየት ታውቃለህ?» አሉኝ። ሰላምታቸው ይኼ ነው።

አስገብቼ እሳት ዳር አስቀመጥኋቸው። አባታቸው አለቃ ፈንታ ከቁይ ከተማ ወዲያ ባለች መንደር ነበር የሚኖሩት። የአካባቢው አድባራት ሁሉ በእሳቸው እጅ የተሣሉ ናቸው ይባላል። ታመው መድከማቸውን የጋሼ እህት በአንድ ነጋዴ አፍ ልካባቸዋለች።

«መታመማቸው ብቻ ቢሆን» አሉ ጋሼ እጃቸውን እሳቱ ላይ ዘርግተው። «ስሜ ሲነሳ ወደ ግድግዳ ይዞራሉ ነው የሚለኝ ሰውየው።»

«ምን አድርገዋቸው፣ ጋሼ?»

«እሱን አይደል የማላውቀው! ሳልመጣ ቆየሁ፤ ይኼ አንድ ጥፋት ነው። ግን ለፋሲካ ሥዕሉን ልኬላቸው ነበር። ‹አባቴ› የሚለውን። ምርጡን ቅጂ። መድረሱን ሰማሁ፤ ከዚያ ወዲህ ግን አንድ ቃል አልላኩብኝም።» እሳቱን ቆስቆስ አደረጉና «ሳይመርቁኝ ከሞቱ ምን ይውጠኛል?» አሉ።

ጋሼን እንደዚያ ሆነው አይቻቸው አላውቅም ነበር። ተነሥቼ በቅሎ ፍለጋ ወጣሁ።

የበቅሎዎቹ ባለቤት ክፉ ሰው አልነበረም፤ ወሬ ግን ይወዳል። ጋሼን ከላይ እስከ ታች አያቸውና «ፕሮፌሰር ናቸው አልኸኝ? የምን ሐኪም ናቸው?» አለኝ።

«ሐኪም አይደሉም። የሥዕል ነው።»

«እና ለታመመ ሰው ምን ይሠራሉ?»

ጋሼ ሰምተው ሳቁ። ኮርቻ ላይ ከወጡ በኋላ ግን ሳቁ ከፊታቸው ጠፋ። ያን ጥያቄ መንገዱን ሙሉ ይዘውት እንደሄዱ ገብቶኛል።

በበጋ የጭነት መኪና ይደፍረው የነበረው መንገድ በክረምት ለበቅሎም ጭንቅ ነበር። ጋሼ በበቅሎ አቀማመጥ የታደሉ አልነበሩም፤ የከተማ ጫማቸው ከእርካቡ እየወጣ ሁለት ጊዜ ጭቃ ላይ ወርደዋል። ወንዝ ሞልቶ የሚጎድልበትን እየጠበቅን፣ የመሸብን ቦታ እያደርን ነው የሄድነው። ሲቀልላቸው ስለ ልጅነታቸው ያወሩኛል።

«አባቴ ግድግዳ ላይ ሲሥሉ የቀለሙን ሸክላ የምይዝላቸው እኔ ነበርሁ። እሳቸው ግድግዳውን ያያሉ፤ እኔ እሳቸውን አያለሁ። ቀዩን ሲሉ ቀዩን፣ ጥቁሩን ሲሉ ጥቁሩን። ከጎናቸው ቆሜ ነው ያደግሁት፣ ስንታየሁ።»

ይህን ሲሉኝ እንኳ አልገባኝም። እሳቸውም ነገሩን አፋቸው ላይ ይዘውት ሳያውቁት አለፉ።

በሦስተኛው ቀን እኩለ ቀን ሲያልፍ ደረስን። እህታቸው ወይዘሮ አንጓች ከደጅ ስታያቸው ነጠላዋን አጣፍታ ሮጣ መጣች። «አያ! አያ፣ መጣህ!» ብላ ጉልበታቸው ላይ ወደቀች። ወዲያው ግን ድምጿን ዝቅ አድርጋ «አሉ። በሕይወት አሉ። ግን እንዳትቀየማቸው፣ አያ» አለች።

ቤቱ ውስጥ ጨለማ ነው። በአንዲቷ ትንሽ መስኮት በኩል ብቻ ቀጭን ብርሃን ይገባል። አለቃ መደብ ላይ፣ ቁርበት ላይ ተኝተዋል፤ ፊታቸው ወደ ግድግዳ ነው። የነፍስ አባታቸው ቄስ ራስጌያቸው ተቀምጠዋል። ከጎታው ኋላ አንድ ክፈፍ ጀርባውን ሰጥቶ ተደግፏል። ምን እንደሆነ ለማወቅ መገልበጥ አላስፈለገኝም።

ጋሼ ጎንበስ ብለው «አባቴ» አሉ።

«ማነው?» አሉ አለቃ ሳይዞሩ።

«እኔ ነኝ። ጥሩነህ።»

«የቱ ጥሩነህ? አንድ ዓይን ሰጥቶ የሰቀለኝ ነው?»

እኔ በዚያች ቅጽበት ጥቁር ሰሌዳው ፊቴ ላይ ድቅን አለብኝ፤ ጠመኔው፣ ይሁዳው፣ ሁሉም። ጋሼን አየኋቸው። አፋቸው ተከፍቶ ቀርቷል። መሬቱ ላይ ቁጭ አሉ።

«ምን በድዬህ ነው ከይሁዳ ጋር ያዋልኸኝ?» አሉ አለቃ። ድምፃቸው ደካማ ነው፤ ቁጣ የለበትም፤ ቁጣ ቢኖረው ይሻል ነበር። «ዕድሜዬን ሙሉ ስሥል ለማን አንድ ዓይን እንደምሰጥ ቀለሙን ይዘህ አላየህም? ወይስ አንተ የምታውቅብኝ ኃጢአት አለ? ካለ ንገረኝ፤ የነፍስ አባቴ እዚሁ አሉ፤ ልናዘዝ።»

«የለም፣ አባቴ! የለም!» ጋሼ አለቀሱ። «እኔ እርስዎን ከፊት አይቼዎት አላውቅም። እርስዎ ግድግዳውን ሲያዩ እኔ ከጎንዎ ነበርሁ። ከዚያ ውጭ ደግሞ ማን አባቱን ፊት ለፊት ያያል? እርስዎ አይደሉ ‹ሽማግሌ ፊት ዓይንህን ስበር› ያሉኝ? የማውቀው ፊትዎ ያ ብቻ ነው። የማውቀውን ነው የቀረጽሁት።»

ቄሱ ዳዊታቸውን ከደኑ። በኋላ አለቃ «ስንት አተምኸው?» አሉ።

«ብዙ ነው።»

«የት ነው ያለው?»

«አዲስ አበባ አለ። የቀረው ውጭ አገር ነው፤ ሰዎች ወስደውታል፤ በየቤታቸው ሰቅለውታል።»

«በማላውቀው ሰው ሁሉ ቤት ኃጥእ ሆኜ ተሰቅያለሁ በለኛ።»

አንድ ግድግዳ ላይ የተሣለ ሥዕል ቢሆን ሄዶ መፋቅ ይቻላል። ይኸ ግን ባሕር ተሻግሮ ሄዷል፤ በየትኛው አገር በማን ግድግዳ ላይ እንዳለ አይታወቅም።

«በእንጨት ያጎደልኸውን በእንጨት ሙላ» አሉ አለቃ በመጨረሻ። «ሁለት ዓይን ሰጥተህ ቅረጸኝ፤ እሱንም የመጀመሪያውን ያህል አትም። ሲያልቅ አምጣልኝ፤ አይቼ እመርቅሃለሁ። እኔ ሳያልቅ አልመርቅም። ታውቃለህ።»

ጋሼ ያውቃሉ። አለቃ የሣሉት ቤተ መቅደስ ሥዕሉ ሳያልቅ መጋረጃው አይገለጥም፤ የደብሩ ሽማግሎች ቆመው ካልመረቁትም አልቋል አይባልም። የእሳቸው ሥርዓት ነው፤ ስንት ዓመት የኖሩበት። ከዚያ በኋላ አለቃ አንድ ያላሰብነውን ነገር አደረጉ። በወይዘሮ አንጓች እጅ ተደግፈው ዞሩ። ፊታቸውን ለልጃቸው ሰጡ።

ሳንቃ ከየት ይምጣ? ጋሼ መሮ እንጂ እንጨት አልያዙም። ጎረቤት ያለው ሁሉ ክረምት ያበሰበሰው ማገዶ ነው። ወይዘሮ አንጓች ዞር ዞር ብላ አየችና የመስኮቱን መዝጊያ ከማጠፊያው ነቅላ አመጣችው። የደረቀ ዋንዛ ነው። «ቤቱም ብርሃን ያግኝ፤ እናንተም ሥሩ» አለች። እኔ በሞረድና በጠርሙስ ስባሪ ሳንቃውን አለሰለስሁ። ጋሼ ተቀብለው አሸተቱት፤ ከልማድ የተነሣ ነው እንጂ ልባቸው እዚያ አልነበረም።

የዚያን ቀን ከሰዓት በኋላና በማግስቱ የሆነውን እንዴት እንደምነግራችሁ አላውቅም። አንድ ሽማግሌ እየሞተ፣ ልጁ ከፊቱ ተቀምጦ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየዋል። ጋሼ ቀና ብለው ያዩና ዓይናቸውን ይሰብራሉ፤ እንደገና ያያሉ፤ እንደገና ይሰብራሉ። አለቃ ገብቷቸው «እየኝ እንጂ! አልቆጣህም» ሲሉ ሰምቻለሁ። ጥምጥሙን ጀመሩ። ከዚያ ግንባሩን፣ ከዚያ ጢሙን። ጢሙ ላይ ብዙ ጊዜ አጠፉ።

ሁለተኛው ቀን ጠዋት የአለቃ ትንፋሽ መቆራረጥ ጀመረ። ጨነቀኝ። ወደ ጋሼ ጠጋ ብዬ በጆሯቸው «ጋሼ፣ ዓይኖቹን ያስቀድሟቸው። ጢሙ ይቆይ» አልኋቸው።

«አይሆንም።»

«ለምን አይሆንም?»

«አባቴ ዓይን አስቀድመው አያውቁም። ዓይን መጨረሻ ነው የሚገባው፤ ሌላው ሁሉ ተሰናድቶ ካለቀ በኋላ። በእሳቸው ፊት፣ የእሳቸውን ፊት ስሠራ፣ በሥርዓታቸው ነው እንጂ እንዴት ብዬ?»

ሥርዓቱን ማክበራቸው እውነት ነው። ግን ዓይኑን እንደፈሩትም አይቻለሁ። የጉንጩን እጥፋት አንድ በአንድ ሲያወጡ፣ የጢሙን ጠጉር ሲቆጥሩ፣ ወደዚያ የሚወስደውን መንገድ እያስረዘሙ ነበር። ምን ላድርግ? መምህሬ ናቸው። ቢያንስ ጢሙን ላግዛቸው ብዬ ለመንኋቸው። እሺ ብለው ሳንቃውን አሳለፉልኝ። አንድ ሁለቴ መሮውን እንደገፋሁ አለቃ ዓይናቸውን ሳይከፍቱ «ይኸ የማን እጅ ነው?» አሉ።

«የተማሪዬ ነው፣ አባቴ» አሉ ጋሼ።

«መልካም ልጅ ነው። ግን ያንተን እጅ ነው የምፈልገው።»

መለስሁላቸው። ከዚያ በኋላ እኔ በዚያ ቤት ውስጥ ፍቅፋቂ ከመጥረግ ሌላ ሥራ አልነበረኝም። ወይዘሮ አንጓች የአለቃን ከንፈር በውኃ ታርሳለች፤ ቄሱ ዳዊት ይደግማሉ፤ እኔ እጠርጋለሁ። የምንችለውን ሁሉ እየሠራን ነበር፤ የምንችለው ግን ምንም አልነበረም።

ከሰዓት በኋላ ጋሼ ወደ መጀመሪያው ዓይን ገቡ። አለቃም ያወቁ ይመስል ዓይናቸውን ከፈቱ። እንደዚያ ይሆናል ብዬ አልጠበቅሁም ነበር። ሰውነታቸው ሁሉ አልቆ፣ ዓይናቸው ብቻ ያልታመመ ነው። ጋሼን ያያሉ። ጋሼም ያን ጊዜ ዓይናቸውን መስበር ተዉ። አባትና ልጅ ተያይተው፣ መሮው ብቻ ኩርር ኩርር እያለ፣ ያ ዓይን ከዋንዛው ውስጥ ወጣ። ጋሼ ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ እንደዚያ ያለ ዓይን ሲቀርጹ አላየሁም።

ሁለተኛውን ሊጀምሩ ሲሉ ሰማዩ ጠቆረ። ያ የክረምት ደመና መጥቶ መስኮቱን ደፈነው። የአለቃ ፊት ግማሹ ጨለማ ውስጥ ገባ፤ የቀረውም ዓይን በዚያው በኩል ነው። ወይዘሮ አንጓች ኩራዝ አምጥታ ጠጋ ብታደርግ ብርሃኑ ከታች እየመጣ ፊታቸውን የሌላ ሰው አደረገው። ጋሼ በእጃቸው እንድትመልሰው ነገሯት። መሮውን አንሥተው ቆዩ።

«ለምን ዝም አለ?» አሉ አለቃ። መሮውን ማለታቸው ነው።

«ደመናው እስኪያልፍ ነው፣ አባቴ።»

«የት ደረስህ?»

«አንዱ ዓይን አልቋል።»

«አምጣው።»

ጋሼ ሳንቃውን ደረታቸው ላይ አኖሩላቸው። አለቃ እጃቸውን ማንሣት አቃታቸው፤ ወይዘሮ አንጓች አንሥታ አስቀመጠችላቸው። በሌባ ጣታቸው ግንባሩን፣ ጥምጥሙን ዳሰሱ። ዓይኑ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ሽፋሽፍቱን፣ ብሌኑን ቀስ ብለው ዞሩበት።

«ይኸ ደኅና ነው» አሉ። ጣታቸው ወደ ሌላው ተሻገረ። ልሙጥ እንጨት ነው። «ይኸኛውስ?»

«አሁን ነው፣ አባቴ። አሁን እጀምራለሁ።»

«በል፣ ቀጥል።»

ዝናቡ ወረደ። ሣር ክዳኑ ላይ ሲወርድ ድምፁ ሌላውን ሁሉ ዋጠው። እኛ ሁላችን መስኮቱን ነበር የምናየው። እግዜር ያሳያችሁ፤ አራት ሰው አንድ የሚሞት ሰው ትቶ ደመና ይጠብቃል! በኋላ ዝናቡ ቀነስ አለ፤ ብርሃኑ ተመለሰ፤ የአለቃ ፊት ላይ ሙሉውን ወረደበት። ጋሼ ፈጥነው ሳንቃውን ጭናቸው ላይ አመቻቹ፣ መሮውን ያዙ፣ ቀና አሉ።

ዓይኖቹ ክፍት ነበሩ። ግን አያዩም።

ጋሼ መሮውን እንጨቱ ላይ እንዳሳረፉ ቀሩ። አልገፉትም፤ አላነሡትም። ቄሱ ተነሥተው በጣታቸው በአለቃ ከንፈር አጠገብ ትንፋሽ ፈለጉ። ከዚያ መዳፋቸውን ግንባሩ ላይ አድርገው ወደ ታች ሳቡት፤ ሁለቱም ዓይኖች ተከደኑ። ወይዘሮ አንጓች ጮኸች።

«ጥቂት!» አሉ ጋሼ ለቄሱ። «አባ፣ ጥቂት ቢታገሡኝ!»

ያን ድምፅ ዛሬም እሰማዋለሁ።

አለቃ ራሳቸው በሣሉት ቤተ ክርስቲያን አጸድ ተቀበሩ። ለቀስተኛው ከየመንደሩ በጭቃ መጣ። ጋሼ ውስጥ ገብተው አባታቸው ከሣሉት ሥዕል ፊት ቆመው አየኋቸው። ሁለት ዓይን ያላቸው ጻድቃን ሁሉ ይመለከቷቸዋል። ከታች ጥግ ላይ ባለ አንድ ዓይኖቹ ፊታቸውን አዙረዋል። ጋሼ የቆሙት እዚያ ጥግ ነው።

ሰልስቱ ሲያልፍ ድፍረት አገኘሁና «ጋሼ፣ ይጨርሱት። አንደኛውን ዓይን አይተውታል፤ በእሱ አስመስለው ይሥሩት፤ ማንም አያውቅም» አልኋቸው።

«እንደዚያ ብዬ ነው ያስተማርሁህ?» አሉኝ።

አንገቴን ደፋሁ።

«ያኛውን ዓይናቸውን አላየሁትም፣ ስንታየሁ። በዚህኛው ተወስጄ አላየሁትም። በኋላ አየዋለሁ ብዬ ነበር።»

በከረጢታቸው ይዘውት ከመጡት ቀለም ሳንቃውን ቀብተው፣ ወረቀት አልብሰው በማንኪያ ጀርባ አሽተው አንድ ቅጂ ብቻ አተሙ። ለእኔ ሰጡኝ። «እኔ ይዤው መኖር አልችልም» አሉ። ሳንቃውን አዲስ አበባ ይወስዱታል ብዬ ነበር፤ ወይዘሮ አንጓች ግን ቀለሙን በአመድ ጠርጋ መስኮቱ ላይ መልሳ ሰካችው። ብርድ እየገባ ነበርና ሌላ መዝጊያ የላትም። ፊቱን ወደ ቤት ውስጥ አደረገችው።

ስመለስ ደብረ ማርቆስ አልቆየሁም። ጋሼን አውቶቡስ ካሳፈርሁ በኋላ አማኑኤል ወረድሁ። አባቴ ሱቁ ውስጥ ቆሞ ጨው ይሰፍር ነበር። በርጩማ ስቤ ከፊቱ ተቀመጥሁና አየሁት። ግራ ገባው።

«ምን ሆንህ? ፊቴ ላይ ምን አለ?»

«ምንም የለም፣ አባባ።»

«እና ምን ታፈጣለህ?»

«ዓይንህን ልይ ብዬ ነው።»

ያበድሁ መሰለው። ግን አልተቆጣም፤ መስፈሪያውን አስቀምጦ እሱም አየኝ። አንደኛው ዓይኑ ከሌላው ጠበብ ይላል። እስከዚያ ዕድሜዬ አላውቅም ነበር።

ከዚያ ወዲህ ባስተማርሁባቸው ዓመታት ሁሉ ተማሪዎቼን ከዓይን አስጀምሬአቸዋለሁ። ሥርዓቱ እንደዚያ አይደለም ያሉኝ አሉ፤ ልክ ናቸው። እኔ ግን ጢም የቀረበት ሰው አይቼ አላዝንም።

ጋሼ ከዚያ በኋላ የሰው ፊት ቀርጸው አያውቁም። ዛፍ ቀረጹ፣ በሬ ቀረጹ፣ ዝናብ ቀረጹ። የቀረ ዕድሜያቸውን ግን ያንን የጎን ሥዕል ሲያስመልሱ ነው የኖሩት። በየአገሩ ይጠይቃሉ፣ ያፈላልጋሉ፤ ጥቂቱ ተመለሰላቸው። የሚበዛው ጠፋ። ለመጨረሻ ጊዜ ልጠይቃቸው ስሄድ አልጋ ላይ ነበሩ። ሊያናግሩኝ አቅም አልነበራቸውም። ፊታቸው ወደ በሩ ነበር፤ አዩኝና ፈገግ አሉ፤ እኔም ሁለቱንም ዓይኖቻቸውን ደኅና አድርጌ አየኋቸው። እሳቸውም ገብቷቸዋል መሰለኝ፣ እስክጠግብ ዓይናቸውን አልከደኑብኝም።

አንባቢዎቼ፣ ከእናንተ መካከል ምናልባት ከዘመድ የወረሰው፣ ወይም ውጭ አገር በሰው ቤት ግድግዳ ላይ ያየው ይኖር ይሆናል፤ በእንጨት የታተመ፣ ጥምጥም ያደረጉ ሽማግሌ ከጎን የሚታዩበት ሥዕል። መልሱልኝ አልላችሁም። የሚቀበለው ሰው የለም። አንድ ነገር ብቻ ዕወቁልኝ፤ ሰው ቆሞ ሲያየውም ንገሩልኝ። አለቃ ፈንታ ሁለት ዓይን ነበራቸው። እኔ እዚያ ነበርሁ፤ አይቻለሁ።